ነጭ ኬክ ግዙ፣ ጥለቱን ቤት ሥሩለት

እናቴ 60 ዓመት ሲሞላት በትዕዛዝ የሚሠራ ኬክ ልናሠራላት ፈልገን ነበር። ዋጋው ከበደን። የጠየቅናቸው ሰዎችም ቀኑ ቀርቧል፣ አንደርስም አሉን። ስለዚህ ሰፈራችን ካለው ኬክ ቤት ሁለት ተራ ነጭ ኬክ ገዛሁና ቤት አምጥቼ ክሬሙን ገፈፍኩት። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ ጭኜ እንደገና ቀባሁት፤ ዙሪያውን ደግሞ በጣም የምትወደውን የሐበሻ ቀሚሷን ጥለት ሠራሁበት። እናቴ ኬኩን ስታይ ምንም አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ ጥለቱን አየች፣ ከዚያ የለበሰችውን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ከኬኩ ጋር አስተያየችው።

ከዚያ ወዲህ ለልደትም ለምርቃትም ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። ኬክ መጋገር ሳይጠበቅባችሁ፣ የተገዛ ኬክ በስሙ ታዞ የተሠራ እንዲመስል ማድረግ ይቻላል። ትልቁ ነገር መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። የኬክ ቤት ኬክ ከሩቅ የሚታወቀው ላዩ ላይ ሁሉም ነገር ስላለ ነው፤ ቼሪው፣ የተፋቀው ቸኮሌት፣ ዙሪያውን የተጨመቀው ክሬም፣ በቀይ ጄል የተጻፈው ስም። እነዚህን አንሱና የምታከብሩት ሰው ካለው ነገር አንዱን ብቻ መርጣችሁ አስቀምጡበት።

ሥራው የሚጀምረው ኬክ ቤቱ ውስጥ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ «ነጭ ክሬም ብቻ ቀቡት፣ ጽሑፍም ጌጥም አልፈልግም» በሏቸው። ሥራ ስለሚቀንስላቸው አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። 2 ኪሎ ከፈለጋችሁ ባለ 2 ኪሎውን አትግዙ፤ ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ክብ ኬክ ግዙ። በትዕዛዝ የሚሠሩት ኬኮች ረጅም ናቸው፣ የመደርደሪያዎቹ ግን ሰፊና አጭር። ቁመቱን ስትቀይሩ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ውስጡ ብላክ ፎረስት ይሁን ዋይት ፎረስት እንደ ምርጫችሁ ነው፤ ብቻ በሽሮፕ በጣም የራሰውን ከላይ፣ ጠንከር ያለውን ከታች አድርጉ።

ሌላም የምትጠይቁት አለ፤ ክሬሙ የተመታ ክሬም ነው ወይስ የቅቤ ክሬም? የተመታ ክሬም ላይ ፎንዳንት የሚባለውን የስኳር ሊጥ ማልበስ አይሆንም። እርጥበቱን ይጠጣና ያልበዋል፣ ቀስ በቀስም ይንሸራተታል። እኔ አንዴ ለእህቴ ልጅ ልደት ሞክሬው እንግዶቹ ሳይመጡ ጎኑ ተሰብስቦ ወረደ፤ ልጁም ቆሞ ሲያየው በጣም ነው ያዘንኩት። ክሬሙ የተመታ ከሆነ በደንብ ግፈፉትና በቅቤ ክሬም ሥሩ።

ቤት እንደገባችሁ ኬኩን 30 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ይህን አትዝለሉ። ያልቀዘቀዘ ኬክ ክሬሙ ሲነሳ ዳቦውም አብሮ ይነሳል። ከዚያ ረጅም ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ፣ እያደረቃችሁ ክሬሙን ግፈፉት። ላዩ ጉብ ብሎ ከሆነ በዳቦ ቢላ አስተካክላችሁ ቁረጡት። የተገፈፈው ክሬም አይጣል፤ በብርጭቆ ከፍራፍሬ ጋር አድርጋችሁ ለልጆቹ ስጧቸው፣ ኩሽና ውስጥ መመላለሳቸውንም ይቀንሱላችኋል።

ሁለቱን ስትደራርቡ የታችኛው እንዳይጨፈለቅ አምስት ወፈር ያሉ ስትሮዎች ውሰዱ። ኬኩ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ከላዩ ጋር እኩል ቁረጧቸው፤ አንዱን መሃል፣ አራቱን ዙሪያውን። ከዚያ ከኬኩ ትንሽ ጠበብ ያለ ክብ ካርቶን በፎይል ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ትንሽ ክሬም ቀቡበትና ሁለተኛውን ኬክ ጫኑ። ክብደቱን ስትሮዎቹ ይሸከሙታል።

ለክሬሙ መነሻው 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም የተነፋ የዱቄት ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተትና ቁንጥር ጨው ነው። ለእንዲህ ያለ ረጅም ኬክ እኔ አንድ ተኩል እጥፍ እሠራለሁ። የባላገር ቅቤ አይሆንም፤ ሽታው ከስኳር ጋር አይስማማም። ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ መሆን አለበት፣ መቅለጥ ግን የለበትም። ስኳሩን ከመጨመራችሁ በፊት ቅቤውን ብቻ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ምቱት፤ እየነጣ ይመጣል። አሁንም ቢጫ ካለ የስቲኪኒ ጫፍ ሐምራዊ ጄል ቀለም ነክራችሁ ጨምሩበት፤ ሐምራዊ ቢጫን ያጠፋዋል። ከስቲኪኒ ጫፍ በላይ አታድርጉ፣ ግራጫ ይሆንባችኋል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ቅቤውን ስለሚያለሰልሰው ግማሹን በረጋ የአትክልት ቅቤ ተኩት።

አቀባቡ ልክ እንደ ግድግዳ ልስን ነው። የቤት ልስን ያያችሁ ሰዎች ቶሎ ይገባችኋል። መጀመሪያ ሻካራው ይመጣል፤ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ፍርፋሪውን እዚያው አስይዙት። ዳቦው ቢታይም ግድ የለም። ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩት። ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ሁለተኛውን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና ማለስለስ ጀምሩ። የሚሽከረከር መቆሚያ ከሌላችሁ የማይክሮዌቩን የመስታወት ሳህን ከነጎማው አውጡት፤ ያው ይሽከረከራል። ማለስለሻውም ከልጆች ቦርሳ የሚገኝ የፕላስቲክ ማስመሪያ ነው፣ በደንብ ይታጠብ እንጂ። ማስመሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እጃችሁ አይንቀሳቀስ፣ የሚዞረው ሳህኑ ይሁን። ጎድጎድ ያለውን እየሞላችሁ ደጋግሙት። ላይኛው ጠርዝ ላይ ክሬሙ ተርፎ ይቆማል፤ እሱን ከውጭ ወደ መሃል እየሳባችሁ ጥረጉት። ሰው የኬክ ባለሙያ እጅ ነው የሚለው ይህን ጠርዝ አይቶ ነው፣ ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። መጨረሻ ላይ ማስመሪያውን ሙቅ ውሃ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ አንዴ ብቻ አዙሩትና ተዉት።

አሁን ወደ ጥለቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የክሬም አበባ ካልሠራሁ ብሎ ይደክማል። አበባ ልምድ ይፈልጋል። ጥለት ግን ሸማኔው በክር ቆጠራ የሚያወጣው ነው፤ ቀጥ ያለ መስመርና ድግግሞሽ። ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ ማንኛችንም ብንሆን መሥራት እንችላለን፣ ልኩ ከተገኘ። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ብታዩ አብዛኛው ጥለት መስቀል፣ ዚግዛግና በጫፋቸው የቆሙ አራት ማዕዘኖች ናቸው። የራሷን ቀሚስ ብታገኙማ የበለጠ ነው፤ አጠገባችሁ ዘርጉትና ቀለሙን ከእሱ ውሰዱ። ቀለሞቹ ከሦስት ባይበልጡ ጥሩ ነው።

ልኩን በወረቀት እናወጣለን። ስስ የወረቀት ቅዳጅ ኬኩን ዙሩበትና ጫፎቹ የሚገናኙበት ላይ ቁረጡት። ኬኩ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ወረቀቱ 63 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ወረቀቱን አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት እጠፉት። ሲዘረጋ 16 እኩል ቦታ ይወጣችኋል፣ እያንዳንዱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር። ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ክሬሙ ከጠነከረ በኋላ ወረቀቱን መልሳችሁ ጠቅልሉና እጥፋቱ ያለበት ሁሉ ላይ በስቲኪኒ ነጥብ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ ሁለት አግድም መስመር፤ አንዱ ከሥር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። በእጅ ብቻ ከሞከራችሁት ይዛባል። ቁመቱ ልክ የሆነ ጣሳ ወይም የተደራረበ መጽሐፍ ኬኩ አጠገብ አቁሙ፣ ስቲኪኒውን ላዩ ላይ አስደግፉትና ጫፉ ክሬሙን እንደነካ ሳህኑን አዙሩት። ጭረቱ እኩል ሆኖ ይዞራል። ከዚያ ዚግዛጉን በስቲኪኒ ጫሩ፤ ከመጀመሪያው ምልክት ታች ወደ ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ታች፣ እንዲህ እያላችሁ እስክትገጥሙ። 16 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ መስመሩ ተመልሶ ከጀመረበት ይገጥማል። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ ከመጀመሪያው ምልክት ላይ ጀምራችሁ አንድ ዙር ድገሙት። መስመሮቹ ሲቋረጡ በጫፋቸው የቆሙ 16 ቅርጾች ይወጣሉ። ይህን ያየሁ ቀን ብቻዬን ኩሽና ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ቀለሙ ጄል ይሁን፤ ውሃማው ቀለም ክሬሙን ያቀጥነዋል። ቀይና ሌሎች ደማቅ ቀለሞች ከጥቂት ሰዓት በኋላ እየጠቆሩ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ አፍዝዛችሁ ዋዜማውን አዘጋጁት። ክሬሙን ንጹህ የምግብ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ጥጉን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቁረጡ። መጀመሪያ ሌላ ሳህን ላይ ተለማመዱ። ጭረቱን ተከትላችሁ ጭመቁ፣ በየቅርጹ መሃል ትንሽ መስቀል ወይም ነጥብ አድርጉ፣ ከላይና ከታች አግድም መስመሩን በወርቃማ ወይም በቢጫ ዝጉት። የመገጣጠሚያው ቦታ ከኋላ ይሁን። ከተሳሳታችሁ ቶሎ አትጥረጉት፣ ይጨማለቃል። 10 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡትና የጠነከረውን በስቲኪኒ ንቀሉት፤ ተላጦ ይነሳል። የኬኩ ላይ ባዶ ይቅር። እጃችሁ ሌላ ነገር ልጨምር ይላችኋል፣ አትስሙት።

ጽሑፍ የግድ ካስፈለገ ኬኩ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። ፊደላችን ቀጫጭን እግርና ቅጥል ስላለው ትንሽ ከተንቀጠቀጣችሁ ሌላ ፊደል ይሆናል። «እማዬ» የሚለውን ወረቀት ላይ በሚያምር እጅ ጻፉ፣ ላዩ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ የቀለጠ ቸኮሌት በላስቲክ አድርጋችሁ ተከትላችሁ ሳቡት። ወፈር ይበል፣ የሚነካካው ሁሉ ይያያዝ። ፍሪዘር ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ላጡትና ኬኩ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ሥሩ፣ አንዱ መሰበሩ አይቀርም።

ጥለት የማይሆንለት ሰውም አለ። ቡና ለሚወድ ሰው የተቆላ ቡና ፍሬ ጠርዙ ላይ አንድ ረድፍ መደርደር ብቻ ይበቃል። መስከረም ለተወለደ ልጅ ጥቂት የክሬም አደይ አበባዎች በአንድ በኩል ሰብሰብ ብለው ቢሠሩ ያምራሉ። የሥሩ ጠርዝ ካልተስተካከለላችሁ የተፈጨ ለውዝ በመዳፋችሁ እየጫናችሁ ዙሪያውን ሸፍኑት።

እውነተኛ አበባ የምትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። ከአበባ ቤት የሚገዛው ጽጌረዳ ለመብል ተብሎ የተመረተ አይደለም፣ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ግንዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ስትሮ ውስጥ ሳትከቱ ኬክ ላይ አትሰኩት፣ ከመቆረሱ በፊትም አንሱት። በየግቢው የሚበቅለው ነጩ ካላ ሊሊ መርዛማ ስለሆነ ከነጭራሹ አይቅረብ። አረንጓዴ ካሻችሁ ናና ወይም የጥብስ ቅጠል ታጥቦና ደርቆ በጣም ያምራል።

ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ኬክ ገዝታችሁ በቅቤ ፋንታ የአትክልት ክሬም ተጠቀሙ። ማሸጊያውን ግን አንብቡ። «የአትክልት» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ሶዲየም ካዚኔት የሚባል ከወተት የሚወጣ ነገር አለ። ለጽሑፉም ወተት የሌለበትን ጥቁር ቸኮሌት ምረጡ። ክሬሙ በጣም ቀዝቅዞ፣ ቀዝቃዛ ሳህን ውስጥ ይመታ። ከቅቤ ክሬም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ጥለቱን ሰፋ፣ መስመሩን ወፈር አድርጉት።

በመኪና ስትወስዱት ወንበር ላይ አታስቀምጡት፣ ወንበር ያዘነብላል። እግር ማስቀመጫው ጋ ወለሉ ላይ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጨርቅ አንጥፋችሁ አድርጉት። ከቤት ስትወጡ ኬኩ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን። የቅቤ ክሬም ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ስለሚደርቅ ከመቆረሱ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ከፍሪጅ አውጡት። ስትቆርሱ የላይኛውን ኬክ እስከ ካርቶኑ ድረስ ጨርሱ፣ ካርቶኑን አንሱ፣ ከዚያ ስትሮዎቹን ነቅላችሁ ወደ ታችኛው ግቡ። ቢላውን የሚይዘው ሌላ ሰው ከሆነ ስትሮዎቹ አምስት መሆናቸውን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አምስቱንም ቆጥሮ ያውጣ።