የሠራተኛ መጠይቅ ለምን አልሠራ ይላል?

ምልክት፦ ከ1 (አልረካሁም) እስከ 5 (በጣም ረክቻለሁ) ባለው መለኪያ ሁሉም 4 እና 5 ሞልቶ ይመልሳል

«ሠራተኛው ደስተኛ ነው» ብላችሁ ለማኔጅመንት ከማቅረባችሁ በፊት የሻይ ሰዓት ወሬውን ስሙ። እዚያ የሚወራው ሌላ ከሆነ፣ መጠይቁ የለካው ፍርሃትን ነው።

ስም አይጻፍም ትላላችሁ፤ ከዚያ የሥራ ክፍል፣ ፆታ፣ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ትጠይቃላችሁ። ፋይናንስ ውስጥ 4 ሰው ካለና ሴቷ አንድ ብቻ ከሆነች፣ ስሟን ጻፈች ማለት ነው። በጉግል ፎርም ከሆነ ደግሞ ኢሜይል የሚሰበስበው ማስተካከያ መጥፋቱን እዩ።

ወረቀትም ቢሆን ያው ነው። አንድ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት የአስተያየት ሳጥኑን የሰቀለው ከሥራ አስኪያጁ በር ፊት ለፊት፣ ካሜራ ሥር ነበር። ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው። በዓመቱ ሲከፈት ሁለት የከረሜላ ወረቀትና አንድ ያልወጣለት ሎተሪ ተገኘ።

መፍትሄ፦ የማትጠቀሙበትን መለያ አትጠይቁ። ከ5 ያነሰ ሰው የመለሰበትን ክፍል ውጤት ለብቻው አታውጡ፣ ከሌላ ጋር ደምሩት። ይህንንም መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ለሠራተኛው ንገሩት።

ምልክት፦ ግማሹ እንኳ አልሞላም

ሊንኩ በቴሌግራም ተለቀቀ። ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹስ? ስማርት ስልክ ለሌለው ወረቀት አዘጋጁ፣ የመሙያ ሰዓትም ከሥራ ሰዓቱ ላይ ስጡት። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁኑ። በጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ሰኔን ተዉት፤ ሒሳብ ክፍል ቀና ብሎ አያያችሁም፣ ሌላውም ጭማሪና ቦነስ እያሰበ ነው የሚሞላው። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

ምልክት፦ አማካዩ 3 ሆነ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም

አሥር ሰው ሁሉም 3 ቢል አማካዩ 3 ነው። አምስቱ 1፣ አምስቱ 5 ቢሉም 3 ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ለሁለት ተከፍሏል! ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ስንት ሰው እንደመረጠው ቁጠሩ። «በደመወዝዎና በአለቃዎ ረክተዋል?» የሚል ጥያቄ ካለም ለሁለት ክፈሉት።

ምልክት፦ አምና የሞላው ዘንድሮ እምቢ አለ

ይሄኛው ነው ከባዱ። ሰው መጠይቅ የሚሰለቸው ስለበዛ አይመስለኝም። የአምናው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤቱን፣ መጥፎውንም ጨምራችሁ፣ ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ ሁለት ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ ጻፉ። ደመወዝ መጨመር ካልቻላችሁ አንችልም በሉ፤ «በጥናት ላይ ነው» ማለት ያስቃል።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ያዙ። ለምሳሌ ሥራ 11፡30 ያልቃል፣ ሰርቪሱም 11፡30 ይነሳል እንበል። ሰው እንዳያመልጠው አሥር ደቂቃ ቀድሞ ሹልክ ይላል፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል። ሰርቪሱን 11፡45 አድርጉት። ማስታወቂያውን ስትለጥፉ «በመጠይቁ በቀረበው ቅሬታ መሠረት» የምትለዋን አትርሱ። ያለሷ ሠራተኛው ሾፌሩ አርፍዶ ነው የሚመስለው።

ምልክት፦ አለቃው «ይቺን የጻፋት ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለ

በስብሰባ ላይ ካላት የዘንድሮው አልቋል። ለሚቀጥለው በእጅ የተጻፈውን ለአለቃ አትስጡ። የሰው ሀብት ክፍል በጉዳይ በጉዳይ ለይቶ፣ ስምና አጋጣሚ አውጥቶ፣ በራሱ ቃል ተይቦ ያቅርብለት። ዋናው ወረቀት ካቢኔ ውስጥ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ግን ጸሐፊዋ ጋ አይሁን።