በየካቲት ደርቆ ያያችሁት መሬትም ረግረግ ነው፤ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ረግረግ መሬትን ለመለየት ሲወጣ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው በበጋ ከጎንደር በጣና ሰሜናዊ ዳር ወዳለው ወደ ደምቢያ ሜዳ ወርዶ፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) አይቶ «ባዶ መሬት ነው» ብሎ መመለስ ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሲወጡ የጣና ዳር ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከጥቅምት ወዲህ ቀስ እያለ ይሸሻል። ስለዚህ አንዴ በመስከረም፣ አንዴ በበጋ ይታይ። በበጋ ብቻ መሄድ ግድ ከሆነ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ግራጫ አፈር ውስጥ፣ በሥር ቀዳዳዎች ዙሪያ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ቦታው ውሃ ይዞ ይከርማል፤ በአፈሩ ያለው ብረት አየር ሲያጣ ይሟሟል፣ አየር ሲያገኝ ይዝጋል። ዋልካ ላይ ግን ጥቁረቱ ነጠብጣቡን ስለሚሸፍነው «አላየሁም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ውሃ ወዳድ የሆኑትን ቀጠማና ፊላ ፈልጉ፣ በዛፍ ግንድ ላይ ጎርፍ የተወውን ምልክት እዩ፣ እረኞቹን ጠይቁ።

ይህን ሳያጣሩ «ባዶ ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከጣና በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ያሉትን ሸሸርንና ወለላን ማየት ይበቃል። ሁለቱም የጎርፍ ሜዳ ኩሬዎች ናቸው። የወንዝ ዳር ክትር ጎርፉን ሲያስቀርባቸው፣ ቦይና የውሃ ሞተር ደግሞ የቀረውን ሲያወጣባቸው ወደ እርሻ እየተለወጡ መጡ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ በክረምት ወደ ጎርፍ ሜዳ ወጥቶ በሣር መካከል እንቁላሉን ይጥላል፤ መንገዱ ከተዘጋ ዓሣ አጥማጁ ጣና ላይ ይከስራል።

ሁሉንም «ረግረግ» ብሎ በአንድ መዝገብ መጻፍም አይረባም። የሐይቅ ዳር ደንገል ደለል ያጣራል፤ የጎርፍ ሜዳ የውሃውን ጉልበት ያበርዳል፤ የምንጭ ጨፌ በጋውን ሙሉ ከብት ያጠጣል፤ የስሜን ከፍታ ረግረግ ወንዞችን ቀስ እያለ ይመግባል። ጨፌ ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ምንጩን ራሱ እያደረቀው ነው።

«ወባ ስለሚያመጣ ይደርቅ» የሚለውንም ተዉት። ደምቢያ ላይ ወባ እንዳለ ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ያቆረ ውሃ ነው። በግማሽ የቀረ ቦይና የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ከጥቅጥቅ ደንገል ይልቅ ይመቻታል።

ጣናን የወረረውን የውሃ አረም፣ እምቦጭን፣ ነቅሎ እዚያው ዳር መከመር ደግሞ በየዘመቻው የሚደገም፣ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ስህተት ነው። ጣና በዓመት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ወደ ሜዳው ርቆ ይገባል። በሚያዝያ የተከመረው በመስከረም ተመልሶ ይንሳፈፋል። አበባ ሳይዝ ይነቀል፤ ክምሩ ከክረምቱ የውሃ ምልክት በላይ ይሁንና እስኪደርቅ ይገላበጥ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ የጸዳው ቦታ በየዓመቱ ይጎብኝ።

ደንገል ለታንኳ ሲታጨድ ግንዱ ይቆረጥ፣ ሥሩ አይነካ፤ ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። ውሃው ሲሸሽ ከብት ከገባበትና ከተረገጠ፣ ወይም ባሕር ሸሹን (ሐይቁ ሲሸሽ የለቀቀውን መሬት) ለማረስ ሥሩ ከተቆፈረ ግን መልሶ አይበቅልም።