ማግኔትሮንና ክላይስትሮንን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪዎችና በፒያሳ የማይክሮዌቭ ምድጃ ጠጋኞች ዘንድ ስለ ማግኔትሮን፣ ማለትም በምድጃው ውስጥ ማይክሮዌቭ ስለሚያመነጨው የቫኩም ቱቦ፣ ሲወራ ተደጋግሞ የሚሰማው ስህተት፣ ማግኔቱ ለኤሌክትሮኖች ጉልበት ይሰጣል የሚለው ነው። የማግኔቱ ኃይል ከኤሌክትሮኑ ጉዞ ጋር ምንጊዜም 90 ዲግሪ ስለሚሠራ መንገዱን ያጥፈዋል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርለትም። ጉልበቱ የሚገኘው ኤሌክትሮኖችን በሚያወጣው ካቶድና በሚቀበላቸው አኖድ መካከል ካለው፣ በቤት ምድጃ ውስጥ 4000 ቮልት ገደማ ከሚሆነው ቮልቴጅ ነው።

ሌላው ስህተት ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ቮልቴጁ ነው ማለት ነው። ቮልቴጁ ጥቂት ሊያዛባው ቢችልም፣ የምድጃውን 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም 12.2 ሴንቲሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት የሚወስነው በመዳቡ አኖድ ውስጥ ያሉት፣ ሞገዱ የሚርገበገብባቸው ክፍተቶች ቅርጽና መጠን ነው።

ከሁሉ የከፋ የሚመስለኝ ግን ኤሌክትሮኑ በመንገድ ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ሁልጊዜ እንደ ጠላት መቁጠር ነው። በተራ ትራዮድ (ሦስት ኤሌክትሮድ ባለው የማጉያ ቱቦ) ውስጥ በእርግጥ ጠላት ነው፤ በ3 ጊጋኸርዝ አንድ ሙሉ ዑደት የናኖሰከንድ ሲሶ ብቻ ስለሚወስድ፣ ኤሌክትሮኑ ሳይሻገር ቮልቴጁ ይገለበጣል። ወንድማማቾቹ ራስልና ሲገርድ ቫሪያን በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት ክላይስትሮን በተባለ የማይክሮዌቭ ቱቦ ግን ይህንኑ ጊዜ ለሥራ አዋሉት። የመጀመሪያው ክፍተት ከፊሎቹን ኤሌክትሮኖች ያፈጥናል፣ ከፊሎቹን ያዘገያል፤ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ዘግይቶ የተነሳ ፈጣን ሚኒባስ ቀድሞ የወጣውን ዘገምተኛ ለገሃር ላይ እንደሚደርስበት ሁሉ፣ በባዶው መተላለፊያ ላይ ተጠጋግተው በክምር ይጓዛሉ። ክምሩ ሁለተኛው ክፍተት ሲደርስ በዚያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ያጡት ጉልበትም ማይክሮዌቭ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ተነስቶ መተላለፊያው በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል ማለትም ስህተት ነው፤ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ፈጣኖቹ ዘገምተኞቹን አልፈው ይሄዳሉ፣ ኤሌክትሮኖችም እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ክምሩ ይበተናል።

ምድጃን ባዶውን ማስነሳትም አይገባም፤ ሞገዱን የሚውጥ ነገር ስለሌለ አብዛኛው ወደ ማግኔትሮኑ ተመልሶ ያግለዋል።

ለጠጋኞች ደግሞ ሶኬቱን መንቀል ብቻውን አይበቃም። ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ለሞት የሚያደርስ ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሥልጠና የሌለው ሰው ሽፋኑን ባይከፍት ይሻላል፤ የሠለጠነውም ቢሆን ቻርጁን በተገቢው መሣሪያ ሳያወርድ ሽቦዎቹን መንካት የለበትም።