ድነት ስጦታ መሆኑን ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ብዙ አዳዲስ አማኞች የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኙት በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ በቤት ኅብረት ነው። አስተማሪዎቹ በቅንነት የሚያገለግሉ ቢሆኑም ሁሉም ነገረ መለኮት የተማሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ስለ ኃጢአትና ስለ ድነት የሚነገሩ አንዳንድ የተዛቡ አባባሎች ከቤት ወደ ቤት እየተላለፉ ሰውን ለዓመታት በፍርሃት ወይም በትዕቢት ያስራሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ኃጢአትን በሚታዩ ነውሮች ብቻ መወሰን ነው። ስካር፣ ጫት፣ ዝሙትና ስርቆት ተዘርዝረው ትምህርቱ ካበቃ፣ ከእነዚህ አንዱንም የማያደርግ ሰው ወንጌሉ ለሌላው እንጂ ለእርሱ እንዳልተነገረ አድርጎ ይሰማል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በሮሜ 3፥23 «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና» ሲል ማንንም አላስቀረም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጠቀሰው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ ከሚያገኘውም ሁሉ ዐሥራት ያወጣል፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ዓይኑን ወደ ሰማይ ለማንሣት እንኳ ያልደፈረው ቀራጭ ነው። ኃጢአት ከድርጊቱ አስቀድሞ ከእግዚአብሔር ርቆ በራስ የመመካት የልብ ዝንባሌ መሆኑ ካልተገለጠ፣ ስጦታው ለምን እንዳስፈለገ ሰሚው ሊረዳ አይችልም።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚጎዳው ስህተት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። «መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክልና እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ያልሰማ አገልጋይ ያለ አይመስለኝም። በአንድ የሕንፃ ግንባታ አጠገብ ለቀን ሠራተኞች ሻይና ዳቦ የምትሸጥ እናት ለጸሎት ስትጋበዝ፣ ብርጭቆዎቿን በባልዲ ውኃ እያለቀለቀች፣ «ባዶ እጄን ጌታ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ትንሽ ነገር ልያዝና እመጣለሁ» ብላ መለሰች። ዐሥራት ማለቷ ነበር። ይህች እናት እግዚአብሔርን የምታስበው እንደ ዕድር ዳኛ ነው፤ መዋጮውን ያቋረጠ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ሐዘን በደረሰበትም ቀን ድንኳኑን አያገኝም። ለዕድር ይህ ተገቢ ሥርዓት ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ግን አይሆንም፤ ጳውሎስ በሮሜ 6፥23 ደመወዝ ያለው ሞትን ነውና፣ የዘላለምን ሕይወት ግን «የጸጋ ስጦታ» ብሎታል።

ቅደም ተከተሉን ከብሉይ ኪዳን ጀምሮ ማሳየት ይጠቅማል። እስራኤል ከግብፅ የወጡት በኦሪት ዘጸአት ከምዕራፍ 12 እስከ 14 ባለው ታሪክ ሲሆን፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት የተሰጡት በምዕራፍ 20 ነው፤ ትእዛዛቱም የሚጀምሩት እግዚአብሔር ሕዝቡን ከባርነት ቤት እንዳወጣ በማስታወስ ነው። አብርሃምም እምነቱ ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት በዘፍጥረት 15 ነው፤ ግዝረት የመጣው በምዕራፍ 17 ነው። በኤፌሶን 2 ላይም ቁጥር 8 እና 9 በጸጋ መዳናችንን ከተናገሩ በኋላ፣ መልካም ሥራ ተከትሎ በቁጥር 10 ይመጣል። ለዚያች እናት ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊነበብላት የሚገባው የሉቃስ 23 ወንበዴ ታሪክ ይመስለኛል። በመስቀል ላይ ያለ ሰው ዐሥራት ሊያወጣ፣ የበደለውን ሊክስ፣ ሊያገለግል አይችልም። በደሉን አመነ፣ «አስበኝ» አለ፤ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚለውንም መልስ አገኘ።

ሦስተኛው ስህተት ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስጦታ ስለሆነ ዋጋ አልተከፈለበትም ብሎ ማቃለል። በሰፈሩ ሱቅ በዱቤ የወሰደውን ሳይከፍል ባለሱቁን እየሸሸ የሚሄድ ሰው «ጌታ ዕዳዬን ሁሉ ከፍሏል» ብሎ ሲመሰክር፣ ባለሱቁ ስለ ወንጌል ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሥቷል። ማንም አላስገደደውም። ዋጋውም በ1ኛ ጴጥሮስ 1፥18 እና 19 እንደ ተጻፈው በብር ወይም በወርቅ ሳይሆን በክርስቶስ ደም የተከፈለ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይቸግረውም።

እምነትን ራሱን እንደ ክፍያ ማየትም ሌላው ስህተት ነው። «እምነቴ ትንሽ ስለሆነ አልዳንኩ ይሆናል» የሚል ሰው ዓይኑን ከአዳኙ ላይ አንሥቶ በራሱ ላይ አድርጓል። በማርቆስ 9፥24 «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸውን አባት ጌታ አልመለሰውም። በጸሎት ጊዜ እንባ አለመምጣቱም የድነት መለኪያ አይደለም።

የመጨረሻውን ስህተት እኛ ወንጌላውያን በተለይ ልናስብበት ይገባል። ኤፌሶን 2፥9 «ማንም እንዳይመካ» ይላል፤ ይህን ጥቅስ ግን በአንድ ግቢ የምንኖር፣ በአንድ ዕድር የምንቀበር ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንን ለመርታት ስናነብበው ራሱ ጥቅሱ መመኪያ ይሆነናል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን የምትጾም ጎረቤት በሥራዋ ልትድን እንደምትሞክር አድርገን ስንፈርድ፣ በጸሎቷ ደጋግማ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል አንሰማም፤ ይህም ምሕረትን የሚለምን ጸሎት ነው። በትምህርት የምንለያይባቸው ነጥቦች እውነተኛ ናቸው፣ መደበቅም የለባቸውም። ነገር ግን 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልስ እንድንሰጥ የሚያዘው ለሚጠይቁን ነው፣ ያውም በየዋህነትና በፍርሃት፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛ ፊት ክርክር መክፈት ከእንግዲህ ይቅር።