አሪፍ የሚለውን ቃል በየቦታው እንዴት መረዳትና መጠቀም ይቻላል

ውጪ ያደገች የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ መጥታ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ረዳቱ ሂሳብ ሳይከፍል ሹልክ ሊል የነበረውን ልጅ «አሪፍ ልትሆንብኝ ነው?» ሲለው ሰማችና «ለምንድነው የሚያደንቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፈረድኩባትም፣ አሪፍ ማለት ጥሩ ማለት ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። የዛን ቀን ማታ ያስረዳኋትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ አማርኛ እየተማረ ላለም ለሚያስተምርም ይሆናል።

ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ እዛ «ዓሪፍ» ማለት የሚያውቅ፣ አዋቂ ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ስለ እቃ ስናወራ ይሄ ነገር የለም፣ አሪፍ ጫማ ስንል ጫማው ምንም አያውቅም፣ ያምራል ወይ ይመቻል ማለታችን ነው። ስለ ሰው ስናወራ ግን የድሮው ትርጉም ብቅ ይላል። «እሱ ልጅ አሪፍ ነው» ሲባል ደግ ነው፣ ተጫዋች ነው ሊሆን ይችላል፣ ግን ደግሞ ነገር የገባው፣ በቀላሉ የማይሸወድ ነው ማለትም ይሆናል።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? እኔ የምጠቀመው ዘዴ ተቃራኒውን መፈለግ ነው። በአሪፍ ቦታ ተቃራኒ ቃል ለማስገባት ሞክሩ፣ የሚገባላችሁ ቃል ትርጉሙን ይነግራችኋል። አሪፍ ፊልም ካላችሁ ተቃራኒው ቀሽም ፊልም ነው፣ ስለዚ ጥራት ነው የምናወራው። «እንዴት ነህ?» «አሪፍ ነኝ» ከሆነ ተቃራኒው ደብሮኛል ወይ አሞኛል ነው፣ ስለዚ ስለ ጤናና ስለ ሙድ ነው። «ነገ 10 ሰዓት እንገናኝ?» «አሪፍ ነው» ሲባል ደግሞ ተቃራኒው አይመቸኝም ነው፣ እዚህ ጋ ቃሉ ምንም አያደንቅም፣ በቃ እሺ ማለት ነው። ሰው ላይ ተቃራኒው ፋራ ከሆነ ነቄ ነው ማለት ነው፣ ተቃራኒው ክፉ ከሆነ ደግሞ ስለ ጸባዩ ነው የተወራው።

አሁን ወደ ረዳቱ እንመለስ። እዛ ላይ ነገሩን የቀየረው አሪፍ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለችው «ብኝ» ናት። አማርኛ «ብኝ» ሲል አንድ ነገር በኔ ላይ፣ እኔን በሚጎዳ መንገድ ተደረገ ማለት ነው፣ ዘነበብኝ፣ ጠፋብኝ እንደምንለው። ስለዚ «አሪፍ ልትሆንብኝ ነው?» ማለት አዋቂነትህን እኔ ላይ ልትሞክር ነው፣ ልትሸውደኝ ነው ማለት ነው። «አሪፍ መስሎታል» ሲባልም እንደዛው ወቀሳ ነው።

ሌላው ሰው የሚስተው «አሪፍ አይደለም» የሚለውን ነው። እቃ ላይ ሲሆን ጥራት የለውም ነው፣ ድርጊት ላይ ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ «እንደዛ ብለህ መናገርህ አሪፍ አይደለም» ሲባል፣ ነውር ነው ከማለት ለስለስ ያለ ተግሳጽ ነው፣ ጓደኛን ሳያስቀይሙ ለመምከር ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። «ዛሬ አሪፍ አይደለሁም» ያለ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ከብዶታልና ምን ሆንክ ብላችሁ ጠይቁት።

«አሪፍ አድርጎ» ሲሆን በደንብ ማለት ነው። አሪፍ አርገህ እጠበው፣ አሪፍ አርጋ አስረዳችኝ። «አሪፍ አርጋ ነገረችው» ግን ሁለት ነው፣ ወይ በደንብ አስረዳችው ወይ ልክ ልኩን ነገረችው፣ የተናጋሪው ፊት ካልታየ አይለይም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ የሚከብድ ነገር የለም፣ ለወንድም ለሴትም አይቀየርም፣ ብዙ ከሆነ «አሪፍ አሪፍ መጽሐፎች» ብሎ መድገም ይቻላል። ከአራዳ ጋር ግን አታምታቱት። አራዳ ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው ሰፈር ነው፣ ጣልያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሳያዞረው በፊት የከተማው ትልቁ ገበያ እዛ ነበር፣ ቃሉም ከተሜና ብልጥ ሰው ማለት ሆኖ ቀረ። ምሳው አሪፍ ነበር ይባላል፣ ምሳው አራዳ ነበር ግን አይባልም።

ስትጽፉ ደግሞ መጠኑን አስቡበት። ጓደኛችሁ ስንት ሰዓት የለፋበትን ስራ ልኮላችሁ «አሪፍ» ብቻ ብላችሁ ብትመልሱ እንዳነበባችሁት እንጂ እንደወደዳችሁት አይሰማውም፣ «በጣም አሪፍ ነው፣ በተለይ መጀመሪያው» ብትሉ ወይ «አሪፍፍፍፍ» ብላችሁ ብትጎትቱት ስሜቱ ይደርሳል። ለቅሶ ቤት፣ የስራ ማመልከቻ ላይ፣ በእድሜ ከገፉ ሰዎች ጋር ስታወሩ ግን ተዉት። አያቴ እንዴት አደርክ ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?» ነው የምላቸው።