የምትወዱትን ድራመር ወደ ኋላ ተከተሉት

የሮክ ባንዱን የሌድ ዘፕሊንን ድራመር ጆን ቦናምን የምትወዱ፣ እሱን ብቻ አትስሙ፤ እሱ እነማንን ይሰማ እንደነበር ፈልጉ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ የምለማመደው ትራስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የባንዱ ዘፈን ‹ፉል ኢን ዘ ሬይን› ስንት ምሽት አስቸገረኝ! የገባኝ አሜሪካዊውን ድራመር በርናርድ ፐርዲን ስሰማ ነው፤ የምቱ መነሻ የፐርዲ ሸፍል የሚባለው የእሱ ምት ነዋ። አራት በዝግታ ቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ለሦስት ክፈሉት። ከባዱ የስኔር (የትንሹ ከበሮ) ምት ሦስተኛው ቆጠራ ላይ ያርፋል፤ ለስላሶቹ ምቶች ግን ከሦስቱ መሃለኛዋ ላይ ትራሱን ዳሰስ አድርገው ያልፋሉ። በችክችካ ያደገ ጆሮ ሦስት ሦስቱን ቶሎ ይይዘዋል። ቀጥሎ የጃዝ ድራመሩን ጂን ክሩፓን ስሙ፤ ቦናም ከልጅነቱ ጀምሮ ያደንቀው ነበር።