የዶቃ ስፌት ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሔው

ዶቃን በአንድ ክር ላይ ደርድሮ ማሰርና ዶቃን ከዶቃ ጋር በመርፌ እየሰፉ አምባር፣ ሐብል ወይም ጉትቻ ማውጣት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በመጀመሪያው አንድ ዶቃ ቢበላሽ ጉዳቱ በዚያው በአንዱ ላይ ይቀራል፤ በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ዶቃ ጎረቤቶቹን ስለሚይዝ፣ በሦስተኛው ረድፍ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ገሃድ የሚወጣው በሠላሳኛው ረድፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሙያ ለጀማሪዎች ሳስተምር ደጋግሜ የማየው፣ ሠልጣኙ ጉድለቱ በታየበት ቦታ ላይ እየፈታና መልሶ እየሰፋ ሲደክም፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ረድፍ ወደ ኋላ፣ አንዳንዴም ገና መርፌ ከመነሣቱ በፊት ዶቃው በተመረጠበትና ክሩ በተቆረጠበት ሰዓት ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ አንባቢው አንድም ስፌት ከመፍታቱ በፊት ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከመነሻው ጀምሮ እንዲመለከተው አደራ እላለሁ።

የምናገረው በአብዛኛው ፔዮቴ ስለሚባለው ስፌት ነው። በዚህ ስፌት አንድ ዶቃ በመርፌው ላይ ይነሣል፤ ከታች ካለው ረድፍ አንዱ ዶቃ ይዘለልና መርፌው ብቅ ብሎ በቆመው በቀጣዩ ዶቃ ውስጥ ያልፋል። ሲጨርስ ዶቃዎቹ እንደ ጡብ ግድግዳ ተሰካክተው ይቀመጣሉ።

ጥብጣቡ ወደ አንድ ጎን ሲጎብጥ

ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት የአምባር ጥብጣብ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ክሩ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ከሌላው ይበልጥ ጠብቋል፣ ወይ በአንደኛው ጠርዝ ላይ የተሰፉት ዶቃዎች ወፍራም ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ጥብጣቡን በጠቋሚ ጣት ላይ ማጠፍ በቂ ነው። በዶቃዎቹ መካከል ክር ብቅ ብሎ የሚታይበት ቦታ የላላ ነው፤ አልታጠፍም ብሎ የሚገትረው ደግሞ የጠበቀ ነው። ጥብጣቡ ዳር እስከ ዳር በእኩልነት እየታጠፈ አሁንም የሚጎብጥ ከሆነ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የዶቃው ነው።

የእጅ ከሆነ መፍትሔው አጥብቆ መሳብ አይደለም፤ አንድ ዓይነት አድርጎ መሳብ ነው። በየረድፉ መጨረሻ መርፌው ሲዞር፣ የመጨረሻውን ዶቃ በግራ እጅ አውራ ጣት ይዞ ክሩን ወደ ሥራው አቅጣጫ እንጂ ወደ ላይ ሳይሆን መሳብ ያስፈልጋል። የደከመ ሰው ክር እንደሚላላ፣ የተናደደ ሰው ደግሞ እንደሚያጠብቅ በብዙ እጆች ላይ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ጀማሪ በአንድ መቀመጫ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሰፋ አላበረታታም።

የዶቃው ከሆነ ወደ መነሻው መመለስ ግድ ነው። ዶቃ የሚሸጥበት የመጠን ቁጥር ሲጨምር ዶቃው ያንሳል፤ ቁጥር 15 ከቁጥር 11፣ ቁጥር 11 ከቁጥር 8 ያነሰ ነው። በጃፓን የሚሠራው የሚዩኪ ደሊካ ቁጥር 11 ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የቱቦ ቅርጽ ያለው ዶቃ ሲሆን፣ አንዱ ከሌላው ብዙም ስለማይለይ ለጠፍጣፋ ሥራ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ አብዛኛው ጀማሪ በከረጢት የሚሸጠውን ክብ ዶቃ ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ቀጭኑ፣ ወፍራሙ፣ ቀዳዳው የተጣመመውና ጫፉ የተሸረፈው ተቀላቅሎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ዶቃ ያረጀ ጋቢ ቁራጭ ወይም ከፋይ ጨርቅ ላይ አፍስሶ፣ በመርፌ ጫፍ እያነሡ መልቀም ያስፈልጋል፤ ለአንድ አምባር ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። የተለቀመውን መጣል አይገባም፤ ክፍተት የቀረበት ቦታ ወፍራሙን፣ የጠበበው ቦታ ቀጭኑን ይፈልጋልና።

በሥራው መካከል አንድ ዶቃ ተርፎ ቢገኝ ሁሉንም መተርተር አያስፈልግም። በመቆንጠጫ ከውጭ የሚጨፈለቅ ዶቃ ስባሪው ወደ ውስጥ ገብቶ ክሩን ይቆርጣል፤ በቀዳዳው ውስጥ ወፍራም መርፌ ወይም ወስፌ አስገብቶ በመግፋት ግን ብርጭቆው ወደ ውጭ ይሰነጠቃል፣ ክሩም ይተርፋል። ስባሪው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መነጽር ማድረግ ወይም ሥራውን በጨርቅ መሸፈን ግዴታ ነው።

ክቡ ሥራ ሲጎደጉድ ወይም ሲጨማደድ

ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች እናት ይህን ችግር ሳትማር ታውቀዋለች። ከመሐል ተነሥቶ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ሥራ ዙሪያው በየረድፉ ማደግ አለበት፤ የተጨመረው ዶቃ ካነሰ ሥራው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይታጠፋል፣ ከበዛ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጥልፍ ቀሚስ ዘርፍ ይጨማደዳል። መፍትሔው ዶቃ የሚጨመርባቸውን ቦታዎች በዙሪያው እኩል አከፋፍሎ በወረቀት ላይ ምልክት ማድረግና በየሁለት ረድፉ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መመልከት ነው። መጎድጎድ ከጀመረ በኋላ በእጅ ተጭኖ ማስተካከል አይቻልም፤ መፍታት ያለበት እስከሚተኛበት ረድፍ ድረስ ነው።

ክሩ ሲበጠስ

ከሁሉም በላይ ልብ የሚሰብረው ይህ ነው። ከሠልጣኞቼ አንዷ ለእኅቷ ሠርግ የሠራችውን፣ በየመካከሉ ባለማዕዘን ክሪስታል የገባበትን አምባር በሁለተኛው ሳምንት ተበጥሶ በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ክሩ የረከሰ ነው ብላ ደምድማ ነበር። የተበጠሰውን ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገን ብርሃን ላይ ስናየው ግን በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ነበር፤ ከቦታው ጋር ስናገናኘውም የተበጠሰው ልክ በክሪስታሉ ቀዳዳ አፍ ላይ ሆኖ ተገኘ።

ጫፉን ማንበብ ይህን ያህል ይጠቅማል። ጥርት ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ስለታም ቀዳዳን ያመለክታል፤ መፍትሔውም በክሪስታሉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቁጥር 15 ዶቃ ማስገባትና ክሩ የቀዳዳውን አፍ በቀጥታ እንዳይነካ ማድረግ ነው። እኛም አምባሩን እንደዚሁ ደግመን ሰፋነው። እንደ ጥጥ የተባዘተ ጫፍ በመፋተግ ያለቀ ክር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ክሩ ከመጠን በላይ ረዝሞ፣ በእያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ ደጋግሞ ሲጎተት የሚመጣ ነው። ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከሚደርስበት ርዝመት በላይ ክር አለመቁረጥ፣ መርፌው ያለበትንም ቦታ በየጊዜው ጥቂት ወደ ፊት ማዛወር ይህን ያስቀራል። ለሁለት ተሰንጥቆ የሚታይ ክር ደግሞ መርፌው ቀድሞ ባለፈው ክር መካከል እየወጋ መሄዱን ይናገራል፤ እንዲህ ሲሆን መርፌውን ወደ ኋላ አውጥቶ እንደገና ማስገባት እንጂ ጎትቶ ማለፍ አይገባም።

የክሩም ዓይነት ይወስናል። ናይሎን ክር፣ ለምሳሌ ኒሞ፣ ለስላሳና ብዙ ቀለም ያለው ቢሆንም ይለጠጣል፤ ከመጀመር በፊት በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ ካልተሳበ ሥራው ካለቀ በኋላ ይላላል። ለዓሣ ማስገሪያ የተሠራው ፋየርላይን ጠንካራና የማይለጠጥ በመሆኑ ለክሪስታልና ለአምባር እመርጠዋለሁ። ናይሎኑን በሰም ማሸት ይጠቅማል፤ ሰሙ ግን ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን። የገበያ ጧፍና ሻማ ብዙ ጊዜ ፓራፊን የተቀላቀለበት ስለሆነ በቀዳዳው ውስጥ እየተፈረፈረ ነጭ ብናኝ ይተዋል።

ክሩ ሳይበጠስ ጫፉ ተፈትቶ የሚተረተር ሥራም አለ። ምክንያቱ የክሩ ጅራት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሸጉጦ መቆረጡ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ እየቀየረ በዶቃዎቹ ውስጥ ማለፍ፣ በመካከሉም አንድ ሁለት ቋጠሮ መያዝ አለበት።

የተሣለው ጥለት በዶቃ ሲወጣ ሲረዝም

የነጠላን ጥለት ወደ አምባር ለማዛወር የሚሞክሩ ሠልጣኞች ብዙ ናቸው፤ እኔም እጅግ የምወደው ሥራ ነው። ጥለቱን በሒሳብ ደብተር አራት ማዕዘን ላይ ስለው ሲሰፉት ግን መስቀሉ ቁመቱ ይረዝማል፣ ሰያፉ መስመርም ይጣመማል። ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም። የደብተሩ ክፍል እኩል ጎን ሲኖረው የደሊካው ዶቃ ግን በስፌቱ ላይ ጋድሞ ስለሚቀመጥ በወርድ 1.3፣ በቁመት 1.6 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ወርዱ 20 ዶቃ የሆነ ሥራ 26 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በቁመት 20 ዶቃ ከተሰፋ 32 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እኩል ጎን ያለው ቅርጽ የሚፈልግ ሰው በቁመት 16 ዶቃ ብቻ መቁጠር አለበት። ከዚህም በላይ በፔዮቴ ጎን ለጎን ያሉ ዶቃዎች በግማሽ ዶቃ ስለሚበላለጡ፣ በደብተር ላይ ከመሣል ይልቅ እንደ ጡብ ግድግዳ የተሰመረ ወረቀት ማዘጋጀት ይሻላል።

ይኸው ሒሳብ የዶቃውን መጠን አስቀድሞ ያሳውቃል። 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ዶቃ ወርድ ያለው አምባር በቁመት 100 ዶቃ፣ በጠቅላላው 2,000 ዶቃ ይፈልጋል፤ አንድ ግራም ቁጥር 11 ደሊካ 200 ያህል ዶቃ ስለሚይዝ 10 ግራም ይበቃል ማለት ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከዚህ ትንሽ ከፍ አድርጎ መግዛት ያሻል፤ በመካከል የሚገዛው ያንኑ የቀለም ስም ይዞም ቢሆን በቀለሙ ሊለይ ይችላል።

ቀለሙ ሲለቅና ማያያዣው ሲላቀቅ

ቀለም የሚለቀው ዶቃው በውጭ የተቀባ ሲሆን ነው፤ ላብና ሽቶ ያፋጥኑታል። ከመስፋት በፊት ጥቂት ዶቃዎችን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መንከርና ሌሎቹን በመስኮት ላይ ግማሹን ሸፍኖ ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ማስመታት ማንኛው እንደሚታመን ያሳያል። ማያያዣው የሚላቀቀው ደግሞ ክሩ በቀለበቱ ክፍተት ሾልኮ ሲወጣ ነው፤ ክፍተቱ የተበየደ ቀለበት መጠቀምና ክሩን በዚያ በኩል ከአራት ጊዜ ያላነሰ ማመላለስ ይበቃዋል።

ሠልጣኙ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ማለፍ ሲያቅተው

ይህ የማስተማር ችግር ነው፤ መምህሩም የራሱ አድርጎ ሊቀበለው ይገባል። በፔዮቴ መጀመሪያ የተደረደሩት ዶቃዎች ሦስተኛው ረድፍ ሲሰፋ ለሁለት ረድፍ ስለሚከፈሉ፣ ዓይን የትኛው ዶቃ ብቅ ማለት እንዳለበት መለየት ያቅተዋል፤ ሥራውም በጣት ላይ ይጠመዘዛል። ለመጀመሪያው ቀን ቁጥር 6 ወይም 8 ዶቃ መስጠት፣ የመጀመሪያውንም ድርድር አንድ ነጭ አንድ ቀይ እያደረጉ ማስጀመር ግራ መጋባቱን ያስቀራል፤ ሦስተኛው ረድፍ የሚያልፈው በአንደኛው ቀለም ብቻ ነውና። ያም ካልበቃ፣ አምስት ረድፍ ቀድሞ የተሰፋ ጥብጣብ ሰጥቶ ከዚያ ማስቀጠል፣ አጀማመሩን ግን በሁለተኛው ቀን ማስተማር ይቻላል።

ግራኝ የሆነ ሠልጣኝ ከመምህሩ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ እንደ መስታወት የሚያየውን እንዳለ መቅዳት ይችላል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታቸውን ትልልቅ ሰዎች ደግሞ በዕድሜያቸው ከማሳፈር በፊት መብራቱን ማየት ያስፈልጋል፤ መብራቱ ከጀርባቸው ከሆነ የእጃቸው ጥላ በሥራቸው ላይ ይወድቃል።

ሥራው ሲወሳሰብ ከሠልጣኙ እጅ ተቀብሎ ማስተካከል ለመምህር ቀላል ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሠልጣኟ ወደ ቤቷ የምትሄደው ግን ያንን ስፌት ራሷ ሳትሠራው ነው፤ እቤት ስትደርስም እዚያው ላይ ትቆማለች። አሁን የራሴን ሥራ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ በእኔ ጥብጣብ ላይ ያንኑ ስሕተት ሠርቼ ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ፤ እሷም በራሷ መርፌ ትከተለኛለች።